አያ ቆርቆሮ እና የማይስቀው ሰው

ሰው ማሳቅ ሥራዬ ነው። ሲሳካልኝ እንደ ንግሥት እሄዳለሁ፤ ሳይሳካልኝ ሲቀር ጥፋቱን በተመልካቹ አላክክና አሁንም እንደ ንግሥት እሄዳለሁ። ስለዚህ ያን ሰው ባገኘሁት ቀን ለምን እንደተናደድኩ ትረዱልኛላችሁ።

ከሰዓት ነበር። የቴአትር ቤታችን አዳራሽ ባዶ መስሎኝ ለብቻዬ ልለማመድ መድረክ ላይ ወጣሁ። መሐል ላይ ጭንቅላቱ የተነቀለ፣ ሆዱ የተከፈተ፣ ሽቦው የተዘረገፈ ሮቦት ቆሟል። «መቼም ዛሬ ካንተ የባሰ የዋለበት የለም» አልኩትና አዲስ የጻፍኩትን ቀልድ ከላይ እስከ ታች አወረድኩበት። እጄን እያወናጨፍኩ፣ ድምፄን እየለዋወጥኩ ጨረስኩ። ይሄኔ ከሮቦቱ እግር ሥር ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ፣ እግርሽን ከእጄ ላይ ታነሺልኝ?»

በድንጋጤ ዘለልኩ። አንድ ወጣት በጀርባው ተንጋሎ፣ ካቻቢቴውን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ያየኛል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

«ከጠዋት።»

«እና እጅህን ስረግጠው ዝም አልክ?»

«መሐል ላይ ነበርሽ። ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።»

«ታዲያ ቀልዱ እንዴት ነው?»

አሰበ። ረጅም ጊዜ አሰበ። «ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱ ላይ አንድ ጅማት እንኳ ሳይንቀሳቀስ።

ጥሩ ነው! ሐኪም ስለ ደም ግፊቴ የነገረኝ እስኪመስለኝ ድረስ ነበር ያ «ጥሩ ነው»። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ ይህን ሰውዬ ሳላስቅ ከዚህ ቤት አልወጣም።

ኪሱ ሁልጊዜ በብሎን የተሞላ ስለሆነ የቴአትር ቤቱ ሠራተኞች ብሎን ይሉታል። ሲራመድ ኪሱ ይንቃጨላል፤ መምጣቱ ከሩቅ ይታወቃል። ለሮቦቱም ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው፦ አያ ቆርቆሮ። ቁመቱ የሰው ያህል ነው፤ ዓይኖቹ ሁለት አምፖሎች ናቸው፤ አንገቱና ቀኝ እጁ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ካሜራ አለችው። ብሎን ሁለት ዓመት ሙሉ ከወዳደቀ ዕቃ የሠራው ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ሮቦቱን ሲያይ «ይሄማ ያስቃል!» አለ። ብሎን ግን «የሚናገረው የለውም እኮ» አለው። እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው። እኔ እጽፋለሁ፤ ብሎን ማሽኑን ያስተምራል፤ ከዚያ እኔና አያ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ቆመን በየቅዳሜው ከሰዓት ሰው እናስቃለን። መጀመሪያ ግን በተጋበዙ ሰዎች ፊት የሙከራ ትርኢት አለ። እሱ ካማረ መድረኩ የኛ ነው።

ካላማረስ? የኔ መልስ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችን ትልቅ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እሱ በሚኖርበት ከተማ፣ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ አግኝቶልኛል። ከእናቴ ጋር ተስማምተናል፤ ትርኢቱ ከተሳካ እቀራለሁ፣ ካልተሳካ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ሻንጣዬን ይዤ ያለ ኩርፊያ እሄዳለሁ።

«እዚያም ቢሆን ሰው ሲገባ ፈገግ ትያለሽ» ትለኛለች እናቴ። «ልዩነቱ ይሄኛው ደመወዝ አለው።»

ቀልደኝነቴ ከማን እንደመጣ አሁን ገብቷችኋል።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ላይ ብሎን ሥራውን አስረዳኝ።

«ማሽን ቀልድ መናገር አያቅተውም። የሚያቅተው ዝም ማለት ነው። የት ቆም ብሎ ሰው እስኪስቅ መጠበቅ እንዳለበት አያውቅም።»

መፍትሔው ትንሽ ቀይ ቁልፍ ነበረች። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ የራሴንም የአያ ቆርቆሮንም ንግግር አነባለሁ። ብሎን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚያስቅ ቦታ ሲደርስ ቁልፏን ይጫናል። ማሽኑ ያን ቦታ ይይዛል፤ በትርኢቱ ዕለት እዚያ ሲደርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ደጋግመን በሠራን ቁጥር ልማዱ ይጠነክራል።

«አንድ ችግር አለ» አለ ቁልፏን በመዳፉ ላይ እያገላበጠ። «እኔ አልስቅም።»

«አልስቅም ምን ማለት ነው?»

«አባቴ የሌሊት ዘበኛ ነበር፤ ቀን ቀን ይተኛል። ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል ናት። እኔና እህቶቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ድምፅ ሳናሰማ ነበር የምንስቀው። በኋላ ፊቴም ረሳው።»

ቀልድ ልሠራበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ ይህን የማደርገው በዓመት አንዴ ነው።

«ስትወለድስ አልቅሰሃል?» አልኩት ትንሽ ቆይቼ።

«ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«በል እንግዲያው ሳቁን ተወው። ደስ ሲልህ ተጫን። ደስ ሲልህ ብቻ።»

«ደስ ሲለኝ» ብሎ ደገመው፣ ትእዛዝ እንደተቀበለ ሰው።

ሦስት ወር እንዲህ ሠራን። ቃል እንዳይዘለኝ ቀልዱን ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ አነባለሁ። ልክ ቀልዱ ሲያልቅ፣ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እየጀመርኩ፣ ቀና ብዬ ብሎንን አየዋለሁ። ሳቀ? አልሳቀም። እሱም ያየኛል፤ ዓይን ለዓይን እንገጥማለን፤ እኔ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ። እጁ ጠረጴዛው ሥር ስለሆነ ቁልፏን መቼ እንደሚጫናት አይቼ አላውቅም። ማየትም አላስፈለገኝም፤ የኔ ጉዳይ ከፊቱ ጋር ነበር።

መቼ እንደወደድኩት አላውቅም ብል ውሸት ነው። አውቃለሁ። አንድ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት አካባቢ ነው። የአያ ቆርቆሮ እጅ ድንገት ወርዶ ጣቴን ቆነጠጠኝ። ጮህኩ። ብሎን ወንበሩን ገልብጦ መጣና እጄን ይዞ እየጎተተ ወደ ቧንቧው ወሰደኝ፤ ጣቴን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አደረገው። ውሃው ይፈሳል። ሕመሙ ከለቀቀኝ ቆይቷል፤ ግን አልነገርኩትም። እሱም ለምን እስካሁን እንደያዘኝ አልነገረኝም። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ «ውሃው እኮ አለቀ!» ብላ ዘጋችብን።

በማግሥቱ ስመጣ የአያ ቆርቆሮ አምስቱም ጣቶች ለስላሳ ጎማ ለብሰው ጠበቁኝ። ብሎን ስለ ጎማው አንድ ቃል አልተናገረም። በዚያ ቀን ልቤ የሱ መሆኑን አወቅሁ፤ እሱ ግን ለኔ ያለው ስሜት ከ«ጥሩ ነው» የሚያልፍ አልመሰለኝም።

የሙከራው ቅዳሜ ደረሰ። የአያ ቆርቆሮ ድምፅ ማጉያ ከታዘዘበት የመጣው በዋዜማው ስለነበር ሙሉውን ንግግር ሲናገር ማናችንም አልሰማነውም። ብሎን «አንዴ እንኳ ብንሞክረው» አለኝ። «ሦስት ወር ሞከርነው እኮ!» አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት እኔን ነው።

አዳራሹ ሞላ። ተቀባበልን፤ እኔ ተናገርኩ፣ ሳቁ። ተራው የአያ ቆርቆሮ ሆነ። አምፖሎቹ በሩ፣ አንገቱን ወደ ተመልካቹ አዞረ።

«እናንተን ወላጆቻችሁ ‹ሰው ሁኑ› ብለው መከሯችሁ» አለ በዚያ በከባድ ድምፁ። «እኔን የሠራኝ ሰውዬ ግን ‹ዝናብ ሲመጣ ግባ› ብቻ ነው ያለኝ። እንግዲህ ማናችን ምክር እንደሰማን እናንተው ፍረዱ።»

ሰዉ መሳቅ ጀመረ። አያ ቆርቆሮ ግን አልጠበቀም፤ ሳቁን ረግጦት አለፈ። «ትናንት ወደ ሥራ ስሄድ» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ቆመ። አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት ድረስ ቆጠርኩ። ሰዉ ሳቁን ውጦ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል፤ እሱ ደግሞ ሰዉን ይጠብቃል። አንድ ሰው ከኋላ አሳለ። ከዚያ «ጎረቤቴን አገኘኋት። ጎረቤቴ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ናት። እወዳታለሁ፤ ስታኮርፍ ግን ትሽከረከራለች፣ ሲብስባት እንባዋን በቱቦ ታፈሳለች» አለ፤ አሁንም ለሳቅ ፋታ ሳይሰጥ። «እኔም ነገርኳት» ብሎ ደግሞ ቆመ።

እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆነ። ቀልዱን ይሮጥበታል፣ ተራውን ወሬ ላይ ሐውልት ይሆናል። ከፊት የተቀመጡት አንድ አዛውንት ጎናቸው ላለው ሰው «አሞታል እንዴ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሳቅ ያገኘው ብቸኛ ንግግር እሱ ነው።

መጋረጃው ሲዘጋ ብሎን በደረጃው መጣ። ሰኞ፣ ሻንጣ፣ የመድን ድርጅት፤ ሁሉም ባንዴ አናቴ ላይ ወጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው!» ጮህኩበት። «ሳቅ የማያውቅ ሰው ሳቅ ያስተምራል ብዬ ያመንኩ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብሎን ዞረና ኪሱ እየተንቃጨለ ሄደ።

መሄጃዬ ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት ወረቀቶቼን ልሰበስብ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው የብሎን መሥሪያ ክፍል ሄድኩ። በመንገዴ ላይ ሥራ አስኪያጁ አገኘኝ።

«ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። «ያ ልጅ ጥፋቱ በሙሉ የኔ ነው፣ ጽሑፉ እንከን የለውም ብሎ ትናንት ሲለምነኝ ዋለ። የመጪው ቅዳሜ አንዴ ብቻ ትሞክራላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን አትጠይቁኝ።»

የመጪው ቅዳሜ። ከመሄጃዬ ሰኞ ሁለት ቀን በፊት መሆኑ ነው። እፎይ ማለትም ማፈርም ባንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ሰድቤው እሱ ሊለምንልኝ ሄደ ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ብሎን የለም። ጠረጴዛው ላይ ግን እኔው የጻፍኩት ንግግር ታትሞ፣ ቁልፏ በተጫነችባቸው ቦታዎች ሁሉ ቀይ ነጥብ ተደርጎበት ተቀምጧል። ስህተቱን ሊፈልግ ያተመው ነው። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከቀልዶቼ አንዱ ላይ እንኳ ነጥብ የለም። ‹ሰው ሁኑ› ላይ የለም። ማጠቢያ ማሽኗ ላይ የለም። ‹ትናንት ወደ ሥራ ስሄድ› ላይ ግን ነጥብ። ‹እኔም ነገርኳት› ላይ ነጥብ። ሦስት ወር ሙሉ ከቀልዴ አንዱም ደስ አላለውም ማለት ነው? ደሜ ፈላ።

የአያ ቆርቆሮ ግንባር ላይ ያለችው ካሜራ ልምምዳችንን ስትቀርጽ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የመጀመሪያውን ነጥብ ፈለግሁ። እኔ ነኝ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ ቀልዱን አንብቤ ጨረስኩ። «ትናንት ወደ ሥራ ስሄድ» ብዬ ቀና አልኩ፤ ዓይኔ ወደ ብሎን ሄደ። በዚያችው ቅጽበት የኮምፒውተሩ ማያ ጥግ ላይ ቁልፏ መጫኗን የሚያሳየው ቀይ ምልክት በራ።

ሁለተኛውን አየሁ። ቀና አልኩ፤ በራ። ሦስተኛውን። አሥረኛውን። የሌላ ሳምንት ቀረጻ ከፈትኩ፤ ፀጉሬ ተሠርቷል፣ ቀሚሴ ሌላ ነው፤ ቀና አልኩ፤ በራ። አንድ ቀን አስነጠሰኝና ከወትሮው ዘግይቼ ቀና አልኩ፤ ምልክቱም አብሮኝ ዘገየ።

እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከሦስት ወር ልምምድ ተማረ የተባለው ማሽን ሌላ ምንም አልተማረም፤ የተማረው እኔ ብሎንን የማይበትን ሰዓት ነው።

ኪሱ ሲንቃጨል ሰማሁ። ብሎን ባዶ ካርቶን ታቅፎ ገባ፤ መሣሪያዎቹን ሊሰበስብ ነው። ሲያየኝ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ» አልኩት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ነጥብ ምንድነው?»

«ቁልፏን የተጫንኩበት።»

«ለምን እዚህ ቦታ ተጫንካት?»

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሳው። «ደስ ሲልህ ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ቀልዱ ደስ አይልም?»

«ይላል። ግን ቀልዱን ስትናገሪ የምታዪው ወረቀት ነው።» ጆሮው ደም መሰለ። «እኔን የምታዪኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስታዪኝ ጣቴ አይታዘዘኝም። ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ቅዳሜ ነው፤ እውነቴን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሥራዬን በትክክል የሠራሁ ነበር የሚመስለኝ።»

«ስማ እስቲ፣ ይህን ሁሉ ለቆርቆሮ ከምትነግር ለኔ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ቀልደሽ ታልፊበታለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልክ ነበር። አልፍበት ነበር። አሁንም ሦስት ጥሩ ጥሩ ነገር ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ አንዱንም አልተናገርኩም። ተነሥቼ ካርቶኑን ከእጁ ወሰድኩና ወደ ጥግ ወረወርኩት።

«ቅዳሜ የተናገርኩህን ይቅር በለኝ» አልኩት። «እኔም ለምን አይህ እንደነበር ጠይቀኝ።»

«ለምን ታዪኝ ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ ላስቅህ ነበር። ከማክሰኞዋ በኋላ ግን ስለምወድህ ነው።»

የትኛዋ ማክሰኞ ብሎ አልጠየቀኝም። እጁን ዘርግቶ ያንን የተቆነጠጠ ጣቴን ያዘ። ደረቱ ላይ ግንባሬን አስደገፍኩ። እንዲያ ቆመን ቆየን።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለ በኋላ።

«አሁንማ ላንተ ስል ከተማ አልለቅም። ሌላ ቁልፍ የሚጫን ሰው ፈልግ። አንተ ከሥራ ተባረሃል።»

ሰው መምረጡ ከባድ አልነበረም። ለፊቴ የማያዳላ፣ ካላሳቅሁት የማይስቅ ሰው ነው የሚያስፈልገን። እናቴ እኔን ትወደኛለች፤ ሥራዬን ግን አትወደውም፤ መድረክ ላይ አይታኝም አታውቅም። ረቡዕ ጠዋት አያ ቆርቆሮን አንሶላ አልብሰን በጋሪ ወደ ስፌት ቤቷ ወሰድነው። እናቴና አራት ሴቶች የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ይሰፋሉ።

«ይሄ ማነው?» አለች እናቴ።

«የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ እማዬ።»

«ቆርቆሮውን አይደለም። ይሄኛውን ነው።»

ብሎን ዝቅ ብሎ ሰላም አላት። እናቴ ከእግር እስከ ራሱ በዓይኗ ለካችው፤ የሙያ ልማዷ ነው። «ሸሚዝህን ማን ሰፋው?»

«ገዝቼው ነው፣ እናቴ።»

«ገባኝ። ሰው የሰፋው አይመስልም።»

ይሄኔ ከብሎን ጉሮሮ አንድ እንግዳ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ትን ያለው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትከሻው ተነቃነቀ፣ አፉ ተከፈተ፣ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሦስት ወር የደከምኩበትን ሳቅ እናቴ መርፌዋን ሳታስቀምጥ ወሰደችው! አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ቀናሁም።

ቁልፏን ለእናቴ ሰጠናት።

«ካላሳቅሽኝስ?» አለች።

«አትጫኛትም።»

«አልጫናትማ።»

ስፌት መኪናዎቹ መሐል ቆሜ ጀመርኩ። አራቱ ሴቶች ወዲያው ሳቁ፤ እናቴ ግን ቁልፏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዝም። አሥር ደቂቃ ዝም። ላቤ መጣ። ከዚያ ስለ ራሷ የጻፍኩት ክፍል ላይ ደረስኩ። «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ችግሩን ሲያዋያት እሷ ወገቡን ትለካለች። አንዷ ‹ባሌ ጥሎኝ ሄደ› ስትላት ‹አይዞሽ፣ ከስተሻል፤ ሁለት ጣት እናጥበዋለን› ትላታለች።»

ሴቶቹ ጨርቃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ፈነዱ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። ጠጧ! ተጫነች። ከዚያ ወዲያ ጣቷን አላሳረፈችም። ሲያልቅ የዓይኗን ጥግ በሜትሯ ጫፍ እየጠረገች «ስንት ዓመት ነው ይህን ስትሠሪ?» አለችኝ።

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልሰማ!» አለችና ወደ መኪናዋ ዞረች። እስከ አርብ ድረስ፣ ማታ ማታ ቤት ስንገባ፣ ስለ ሻንጣዬ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ግማሹ ብቻ ነው የሞላው። ግድ አልነበረኝም። አያ ቆርቆሮ «እናንተው ፍረዱ» ብሎ ቆመ፤ ልክ በቦታው፣ ልክ በልኩ ቆመ፤ ሳቁ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እስከ ኋላ ግድግዳ ሄደና ተመለሰ። እኔ ስቀጥል እሱ ያቋርጠኛል፣ ስቆጣው አንገቱን ያዞርብኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ስንጨርስ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ፊቱ በርቷል።

«ተሳክቷል» አለ። «የቅዳሜው ትርኢት ይቀጥላል። ግን አስቤበታለሁ። ማሽን አይታመም፣ አያኮርፍ፣ ዕረፍት አይጠይቅ። ሰዉም የሚመጣው እሱን ለማየት ነው። አንቺ የኔ ልጅ ጻፊ፤ መድረኩን ለእሱ ተዪለት። ጽሑፉን እኮ ከየትም ከተማ ሆነሽ ልትልኪ ትችያለሽ።»

ከየትም ከተማ። መድረክ ከሌለኝ እንግዲህ አሸንፌም ልሄድ ነው። ለመናገር አፌን ስከፍት ብሎን ቀደመኝ።

«አይሆንም» አለ።

«ምነው? ማሽኑ ያለ እሷ አይሠራም?»

«ይሠራል። እኔ ግን አላሠራውም።»

ሥራ አስኪያጁ ብሎን ይህን ያህል ሲናገር ሰምቶት አያውቅም፤ እኔም አልሰማሁም።

«ሰዉ የሳቀው ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነው፣ አለቃ» ብሎ ቀጠለ። «ለብቻው ከሆነ የሚያወራ ቆርቆሮ ነው፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ይሰለቻል። ይሄ የሙያዬ ምክንያት ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን እሷ ታውቀዋለች። ሁለቱም መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ ካልሆነ አሁኑኑ ሮቦቴን ይዤ እወጣለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ብሎንን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ብሎንን አየው። ጢሙን አሻሸ። «ሁለታችሁም» አለ በመጨረሻ። «ውጡልኝ አሁን። ውሉን ነገ ከነገ ወዲያ ትፈርማላችሁ።»

ወደ መሥሪያ ክፍላችን ተመለስን። ብሎን አያ ቆርቆሮን አንሶላ እያለበሰው ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ አጎቴ ነው።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትደርሺው? መናኸሪያ መጥቼ ልቀበልሽ።»

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ሥራ አገኘሁ።» ብሎንን ከጀርባው አየሁት። አንሶላውን ጥግ በጥግ እያስተካከለ ነው፤ ሥራውን ከፍቅሩ ለይቶ አያውቅም ይሄ ሰውዬ። ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። «ባልም አገኘሁ።»

አንሶላው ከብሎን እጅ ወደቀ።

አጎቴ ነገር የሚመዝን ሰው ነው። «ሰውየው ያውቃል?» አለ።

«አሁን ሰማ።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

ብሎን ዞሮ ቆሟል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ዓይኖቹ ግን ያበራሉ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ወደ እኔ መጣና ስልኩን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «የነገረችዎት እውነት ነው። መቼ መጥቼ ልጠይቅዎት?»